የሚጻፍ እንጂ የማይነበብ መዝገብ፦ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ክሊኒክ የቀረበ ቅሬታ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለትምህርት ቤቱ ዋና ርእሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ለልጄ ሊሰጣት ሲገባ ስላልሰጣት አገልግሎት

ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ሁለት ወር ቆይቻለሁ። የቆየሁት አንድም ልጄ እስክታገግም፣ አንድም ንዴቴ እስኪበርድ ነበር። ልጄ ደኅና ናት፤ ንዴቴ ግን እንዳሰብኩት አልበረደም።

ልጄ የ14 ዓመት ልጅ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪያችሁ ናት። መጋቢት 2 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ወደቀች። ጓደኞቿ ደጋግፈው ክሊኒክ ቢያደርሷትም በሩ ተቆልፏል። ሲስተር ክፍያ መስኮት ላይ ተቀምጠው ደረሰኝ እየቆረጡ ነበር። የክፍያ ሳምንት በሆነ ቁጥር ነርሷ ገንዘብ ተቀባይ እንደሚሆኑ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ቁልፍ ተፈልጎ እስኪመጣ ልጄ ደረጃው ላይ፣ ራሷን የጓደኛዋ ጭን ላይ ጥላ፣ ሎሚ እያሸተተች ጠበቀች። ለእኔ የተደወለልኝ 4 ሰዓት ሲሆን ነው። የደወሉልኝም ከትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ የበሩ ጥበቃ ናቸው፤ «እናቷ ነዎት? አይደንግጡ፣ ትንሽ አሟት ነው» አሉኝ። እሳቸውን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስደርስ ልጄ አልጋው ላይ ተኝታለች። ሲስተር የስኳር ውሃ ሊያመጡ ወጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ ትልቁ የክሊኒክ መዝገብ እንደተገለጠ ተቀምጧል፤ ዳር ዳሩ በእጅ ብዛት የወየበ፣ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት። ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው፤ የተገለጠ መዝገብ አይቼ ማለፍ አልችልበትም። የሌሎችን ልጆች ስም በእጄ ጋርጄ የልጄን ፈለግኩ።

ጥቅምት 14፦ ራስ ምታት። ፓራሲታሞል 1 ፍሬ።
ኅዳር 11፦ ማዞር። ዕረፍት 30 ደቂቃ።
ታኅሣሥ 9፦ የሆድ ቁርጠት። ፓራሲታሞል 2 ፍሬ።
ጥር 6፦ የወር አበባ ሕመም፣ ድካም። ፓራሲታሞል 2 ፍሬ። ወደ ክፍል ተመልሳለች።

ቀኖቹን አንድ ጊዜ ቢቆጥሯቸው ደስ ይለኛል። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው 27 ቀን፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው 28፣ ከሦስተኛው እስከ አራተኛው 27 ቀን ነው። ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። አንዲት ልጅ በየወሩ እየመጣች ያንኑ ሕመም በአራት ስም ስትናገር፣ አንድ ሰው ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ቢገልጥ ኖሮ ነገሩ ገና በታኅሣሥ ይገባው ነበር። የገለጠ ግን አልነበረም። እናንተ ዘንድ መዝገብ የሚጻፈው እንዲሞላ ነው።

በየካቲት ስሟ የለም። ተሽሏት የቀረች መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን የነገረችኝ ግን በኋላ፣ ወጥ ቤት ሆነን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ጥር 7 ቀን ጉልበቱ ተልጦ ፕላስተር ሊያስለጥፍ የገባ የክፍሏ ልጅ፣ ሲስተር ጥጥ እስኪያዘጋጁ ድረስ ያንኑ የተገለጠ መዝገብ ሲያነብ ቆይቶ የጥር 6ን መስመር ለክፍሉ ሁሉ አወጀው። ከዚያ በኋላ እጇን ባወጣች ቁጥር ከኋላ ወንበር «ሲስተር ጋ ልትሄድ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። እሷም መሄዱን ተወችው። ማንበብ የሚገባቸው ያላነበቡትን መዝገብ ማንበብ የማይገባው አነበበው ማለት ነው። በልጁ አልፈርድም፤ የ14 ዓመት ልጅ ፊት ለፊቱ የተገለጠ ነገር ቢያነብ ምን ይገርማል?

ልጄን ሰልፍ ላይ በወደቀችበት ዕለት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ገና ወረቀት ሳታወጣ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ አየች፣ መዳፏን ዘርግታ ከራሷ መዳፍ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደምትቀይር ጠየቀቻት። መልሱን እዚህ አልጽፍም። ይህን ደብዳቤ ልጄ አንብባ ነው የፈቀደችልኝ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሰርዛኛለች። «አፈር፣ ጠመኔ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያምርሻል?» ስትላት ደግሞ ልጄ አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው እኔም ያስታወስኩት፤ በታኅሣሥ የክፍል ኃላፊዋ «ጠመኔ እየሰረቀች አስቸገረች» ብለው በመገናኛ ደብተር ጽፈውልኝ ነበር። እኔም ተቆጥቻት ፈርሜ መለስኩ። ጠመኔ የሚያስበላው የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን እንደሚችል እሳቸውም እኔም አላወቅንም። እኔ ባላውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደብተሩ ግን ለወላጅ ከመላኩ በፊት ክሊኒክ ቢደርስ ኖሮ የሚያውቅ ሰው ነበረበት።

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ውጤቷ 8.2 ሆነ። በዚህ ዕድሜ ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፤ ከ8 በታች ደግሞ ከባድ ይባላል። «ታዲያ ለጥቂት አመለጠች» ስል ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የደጋ ሰው ደም በተፈጥሮው ሄሞግሎቢን ይበዛዋል። ስለዚህ እዚህ ከሚገኘው ውጤት ላይ ወደ አንድ ነጥብ ገደማ ተቀንሶ ነው የሚታየው። 8.2 የተባለው በእውነቱ ከ8 በታች ነበር። ከዚያ ወዲህ የብረት ኪኒን በብርቱካን ጭማቂ ትወስዳለች፤ ከምግብ ጋር ሻይ መጠጣት ተከልክላለች፤ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ለተወሰኑ ወራት ትቀጥላለች።

ውጤቱን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው «ሁዳዴ ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ጥቅምት ሁዳዴ አይደለም። ሁለተኛው «ጤፍ በልታ ያደገች ልጅ እንዴት ደም ያንሳታል?» የሚል ነበር። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነትም እምብዛም አይጠቀምበትም። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። በየወሩ ብዙ ደም የሚፈሳት ልጅ በእንጀራ ብቻ አትተካውም። በጤፍ እንድንኮራ እኔም እፈልጋለሁ፤ ሕክምና ግን አይሆነንም።

ትምህርት ቤታችሁ ልጆችን በሥርዓት መከታተል አይችልም ብዬ አላማርርም፤ እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁና። ባለፈው ኅዳር የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዘመቻ ሲሰጥ ግቢያችሁ ውስጥ ነበርኩ። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች ብቻ፣ በሁለት ዙር ነበር፤ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ብዙ እናቶች «ለምን ተቀነሰ?» ብለን ተደናግጠን መጥተናል። እናንተም ከጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ጋር ሆናችሁ በትዕግሥት አስረዳችሁን። ስም በዝርዝር ተጠራ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ የተከተበች ልጅ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጣ ሳትታይ አልወጣችም፣ ካርድም ተሰጣት። የቀረች ልጅ ወላጅ በማግሥቱ ተደወለለት። ታዲያ ያ መጋረጃ ዘመቻው ሲያልቅ የት ገባ? ለአምስት ቀን የተቻለ ነገር ለዓመት የሚያቅተው ለምንድን ነው?

ስለ ገንዘቡም ላንሳ፤ ሙያዬ ነውና ይቅር ይበሉኝ። በየመንፈቀ ዓመቱ ደረሰኝ ላይ «የክሊኒክ አገልግሎት» ተብሎ 450 ብር እከፍላለሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ 640 ተማሪዎች እንዳሏችሁ ነግራችሁናል። በዓመት 576,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ የተቋቋመውን ክሊኒክ አይቼዋለሁ፦ አንድ አልጋ፣ አንድ መሳቢያ ፓራሲታሞል፣ የግፊት መለኪያ፣ እና ግማሽ ቀን ደረሰኝ የሚቆርጡ አንዲት ነርስ። ሲስተርን እየከሰስኩ አለመሆኔ ይታወቅልኝ። ልጄ ስትነቃ እጇን ይዘው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሥራ የሰጣቸው ሰው ነው መልስ እንዲሰጠኝ የምፈልገው።

የከፈልኩት እንዲመለስልኝ አልጠይቅም። መዝገቡ ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ተማሪ የየራሱ ካርድ እንዲወጣለት፣ ካርዱም ቁልፍ ባለው ሳጥን እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። አንድ ተማሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የቀደመው ተነብቦ ወላጅ እንዲጠራና ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክበት ወረቀት እንዲጻፍለት ይደረግ። ሲስተር ከክፍያ መስኮት ይነሡ፤ ይህን ነገ ጠዋት ማድረግ ይቻላል፣ በጀትም አይጠይቅም። የወር አበባን ነገር ለሴቶቹ ለብቻቸው ጥግ ወስዶ ማንሾካሾክ ቀርቶ ወንዶቹም ባሉበት በባለሙያ ይነገር፤ ከኋላ ወንበር የሚመጣው ድምፅ የሚቆመው ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ በበዛባቸው አካባቢዎች የወር አበባ ለጀመሩ ልጃገረዶች 60 ሚሊ ግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል። ትምህርት ቤቱ ይህን ይጀምር እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግራችሁ ለወላጆች አሳውቁን።

ከእኔም በኩል ጥፋት አለ። በጥቅምት «ራሴን ያመኛል» ስትለኝ ስልክ ላይ ስለምታመሽ ነው ብዬ ስልኩን ቀማኋት። ይህን የምጽፈው እናንተም የራሳችሁን እንድትጽፉልኝ ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እጠብቃለሁ። ለምን ያን ቀን እንደመረጥኩ ከመዝገቡ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር
የ8ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ

አባሪ፦ የላቦራቶሪ ውጤት 1 ገጽ፣ የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ 2 ገጽ