ቆጡ ሳይመታ ይድረስልኝ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሠራተኛ ሰፈር ያለው ሁሉ በጣም ናፍቆኛል፣ የጓሮው ጭቃ ሳይቀር።

እማዬ ስትደውል «ከጓሮ ለምንቀጥላት ክፍል ቆጥ ሊወጣላት ነው፤ አናጢው እንጨቶቹን ብሎኬቱ ላይ በሚስማር ይመታቸዋል» አለችኝ። ስልኩ ተቋረጠ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

እዚህ ሲያትል አለቃዬ የፎቅ እንጨት ሲፈትሽ መጀመሪያ የሚያየው ጫፉን ነው። ክብደቱ ሁሉ እዚያ ነዋ የሚያርፈው! ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሚስማሩ ምኑን ይይዛል? በአዲሱ ግድግዳ አናት ፌሮ ያለው የኮንክሪት ቢም ይሞላ። እንጨቱ በላዩ ይረፍ፣ ቢያንስ 7 ሴንቲ ተኩል ገባ ብሎ። በአሮጌው ቤት በኩል ግን የጭቃ ግድግዳውን እንዳትነኩት። ምስጡንም ታውቀዋለህ። እዚያ የራሱ መሠረት ያለው ቋሚ ይቁምና አግዳሚ ይሸከም።

እንጨቱን ከአግዳሚው ጎን ማሰር ካስፈለገ፣ ጫፉን እንደ ኪስ የሚያቅፍ ብረት አለ። ከጠፋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከወፍራም ላሜራ ያጥፉልሃል። ቀጭን ቆርቆሮ ከሆነ አትቀበል። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የዚህን ብረት ቀዳዳዎች በጂፕሰም ብሎን ሞልቼ ተኩራርቼ ነበር። አለቃዬ አንድ ሳይቀር አስፈታኝ። ያ ብሎን ክብደት ሲያርፍበት ሳይጎብጥ ቀጭ ይላል።

ሌላው ሞራሌ፣ ያ ቀጭኑ የተሰነጠቀ እንጨት ነው። 5 በ 7 ሴንቲ ሞራሌ በጠባቡ ጎኑ ሲቆም፣ በሰፊው ከሚተኛው እጥፍ ገደማ መጉበጥን ይቋቋማል። ቢሆንም ለሰው መተኛ አላምነውም፣ ይወዛወዛል። የክፍሏ አጭር ጎን 2 ሜትር ከ80 ከሆነ፣ እንጨቱ በዚያ በኩል ይጋደም። 5 በ 15 ሴንቲ ጣውላ፣ በጠባቡ ጎኑ ቆሞ፣ በየ40 ሴንቲው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። የጎደለውን እኔ እልካለሁ።

የወረዳውን ፈቃድ ጨርሰሃል አይደል?

አናጢውን ደግሞ እንዳታስቀይመው። ቡና ጋብዘውና ከራስህ እንዳሰብከው አድርገህ ንገረው። የኔን ስም ካነሳህ «ውጭ ተቀምጦ ያዘናል» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ግን የእያንዳንዱን ጫፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

እማዬ ጊዮርጊስ ስትሳለም በጸሎቷ አትርሳኝ። የእህል ጆንያዎቹንም ፎቶው ሳይደርሰኝ ላይ እንዳታወጣ አደራ በልልኝ።

ወንድምህ