ኪቦርዱን ቫዮሊን አታድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አገራችን ፊልሞች ማጀቢያ ሙዚቃ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ኪቦርድ ፊልሙን ገደለው፤ መድኃኒቱ ኦርኬስትራ ነው» የሚል አስተያየት አንብበናል። ጥፋቱ ግን የኪቦርዱ አይደለም።

እ.አ.አ. በ1956 የወጣው «ፎርቢደን ፕላኔት» የተባለው ፊልም ማጀቢያው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ነበር፤ ሉዊስና ቢቢ ባሮን ድምፁን ያወጡት ራሳቸው ከሠሯቸው የኤሌክትሪክ ሰርኪውቶች ነው። ሙዚቀኛው ቫንጌሊስም እ.አ.አ. በ1981 በወጣው «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» ፊልም የ1924ቱን የፓሪስ ኦሊምፒክ ሯጮች ታሪክ በዋናነት በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ፣ አጅቦ ኦስካር ወስዷል። በሯጮቹ ዘመን ሲንተሳይዘር የሚባል ነገር እንዳልነበረ ልብ ይሏል! የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ደግሞ እ.አ.አ. በ1960 ለ«ሳይኮ» ፊልም የክር መሣሪያዎችን ብቻ ተጠቀመ። ሲንተሳይዘሩም ቫዮሊኑም የየራሱን ድምፅ ይዞ ነው የገባው።

እኛ ጋ የሚበላሸው ኪቦርዱ ላይ «ስትሪንግስ» (የክር መሣሪያዎች ድምፅ) የሚለው ተመርጦ ጣት ሲጫን ነው። ቫዮሊን ተጫዋች በአንድ ድምፅ ውስጥ እንኳ ቀስቱን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ኪቦርዱ ግን ጣት እስኪነሳ ድረስ በአንድ ኃይል ይዘልቃል። ስለዚህ ግራ እጅ ድምፁን እየተጫወቱ ከሚለዋውጡት መቆጣጠሪያዎች፣ ከሞዱሌሽኑ ወይም ከኤክስፕሬሽኑ፣ መነሳት የለበትም። ሌላም አለ፤ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነውና አንዱ ፍሬም 42 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። የተመረጠው ድምፅ እስኪሞላ 120 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ሙዚቃው ሦስት ፍሬም ያህል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ለምሳሌ በር ሲዘጋ እንዲሰማ የታሰበው፣ በሩ ተዘግቶ ካበቃ በኋላ ማለት ነው። ኖታውን ያንኑ ያህል ወደ ፊት ማስቀደም ነው።

ተዋናይ ሲናገር ከሥሩ የተነጠፈ ወፍራም ኮርድም (በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ንግግሩን ይውጠዋል፤ ሁለቱም የሚሻሙት ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን ቦታ ነው። ብዙዎች ሙዚቃውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ያኔ እሱም አይሰማም። ኮርዱን ወደ ሁለት ድምፅ ማሳሳት፣ ካልሆነም አንድ ኦክታቭ ማውረድ ይሻላል።

ማሲንቆ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማሲንቆው ብቻውን ይቀረጽ፤ ከዚያ ኪቦርዱ በሴንት (በግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) እየተስተካከለ ወደ እሱ ይምጣ። ከተገለበጠ ተጫዋቹ በጆሮው የሚሰማውን ኮርድ እየተከተለ ቅኝቱን ያጣምማል፤ በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ ጉዳቱ ወዲያው ይታወቃል። ከሥር ኮርድ አያስፈልግም፤ መነሻውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ሲንተሳይዘር ይበቃል። ሪቨርቡ (የክፍሉ ማስተጋባት) ለሁለቱም አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ማሲንቆው ሳሎን፣ ኪቦርዱ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

ገንዘብ ከተገኘ ኦርኬስትራ እሰየው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቼሎ ተጫዋች ለግማሽ ቀን ይቀጠርና የኪቦርዱን ዜማ በላዩ ይደርብበት። ጆሮ የአንዱን ቀስት ፍትጊያ ሲሰማ ሌላውንም እውነተኛ አድርጎ ይቀበላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማጀቢያ ሙዚቃ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ