መንገዱ ከመጠገኑ በፊት ሥሩ ይታይ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

እኛ ሰፈር አንድ ጉድጓድ አለ። ጉድጓድ የሌለበት ሰፈር የለም ትሉኝ ይሆናል። የኛው ግን ተመላላሽ ነው። መጀመሪያ አስፋልቱ ትንሽ ጎደጎደ። ከዚያ የአንድ ባጃጅ የኋላ ጎማ ሰምጦ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ገፉት። ሠራተኞች መጡ፣ ገረጋንቲ ሞሉ፣ ሮለር አስኬዱበት፣ አስፋልት አልብሰውት ሄዱ። ዝናቡ ሲመጣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሰመጠ። በመጨረሻ ጠለቅ ተደርጎ ሲቆፈር አንድ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወጣ። ቤቱ ድሮ ፈርሷል፤ ጉድጓዱ ግን በኮንክሪት ክዳን ብቻ ተሸፍኖ መንገድ ወጥቶበታል። ክዳኑ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ አሸዋው በስንጥቁ ቁልቁል ሲፈስ ኖሯል። ያ ሁሉ ገረጋንቲ የት ሲገባ እንደከረመ ያኔ ገባን።

ከተማችን ድሬዳዋ እንዲህ ላለው ነገር የተመቸች ናት። ባቡሩ ከገባበት ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ ስትሠራ፣ ስትፈርስ፣ እንደገና ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት። ብዙው ቦታዋ የወንዝ አሸዋና ጠጠር ነው። አካባቢው ደግሞ ውሃ የሚያሟሟው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የፖርክ ኤፒክ ዋሻም ያለው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ውሃ አሸዋን ምን እንደሚያደርገው አሳይቶናል። ከአስፋልት ሥር የሚያፈስ ቧንቧም በልኩ ያንኑ ይሠራል። አሸዋውን ጠርጎ ባዶ ቦታ ትቶ ይሄዳል።

አሁን አሁን «መንገዱ በራዳር ይፈተሽ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ። እሰየው ነው። የኔ ስጋት ውጤቱ እንዴት ይነበባል የሚለው ላይ ነው።

መሣሪያው በጎማ የሚገፋ ሳጥን ነው። አንቴናው ወደ መሬት የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ከሥር ያለው ነገር ሲለወጥ የሞገዱ ከፊል ተመልሶ ይመጣል። ግን ባዶ ቦታም፣ የብረት ቧንቧም፣ ውሃ የቋጠረ አፈርም ጠንካራ ምልክት ይመልሳሉ። ስክሪኑ ላይ ቧንቧውም ትንሹ ጉድጓድም ቅስት ሆነው ይታያሉ። በቅስቱ ድምቀት ብቻ የሚፈርድ ባለሙያ ቧንቧ አስቆፍሮ፣ ዋናውን ጉድጓድ አልፎት ሊሄድ ይችላል።

የሚለያቸው የሞገዱ ፌዝ (በእንግሊዝኛ phase) ነው፤ ማለትም ሞገዱ ተገልብጦ ነው ወይስ እንደተላከ የተመለሰው የሚለው። የገመድ አንዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ አስራችሁ ብታወዛውዙት ሞገዱ ተገልብጦ ይመለሳል። ጫፉ ልቅ ከሆነ ሳይገለበጥ ይመለሳል። ራዳሩም ከአፈር ብረት ወይም ውሃ ላይ ሲደርስ ተገልብጦ ይመጣል፤ ባዶ አየር ሲያገኝ ግን እንደተላከ ይመለሳል። ነገሩ ያለው ዳይኤሌክትሪክ በሚባለው፣ አንድ ነገር ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ በሚያሳየው ቁጥር ላይ ነው፤ ሞገዱ ወደ ትልቅ ቁጥር ሲያልፍ ይገለበጣል፣ ወደ ትንሽ ሲያልፍ አይገለበጥም። አየር 1፣ ደረቅ አሸዋ ከ3 እስከ 5፣ ውሃ ደግሞ 80 ገደማ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከጥልቅ የሚመጣ ምልክት ይደክማል፣ ፌዙ ግን በምልክቱ ጉልበት አይወሰንም። ስለዚህ በድምቀት የማይታይ የተቆረጠ የአፈር ንብርብር በፌዝ ሥዕል ላይ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል።

ይህ እንዲሁ በዓይን ግምት የሚሆን አይደለም። የሁሉም መሣሪያ ሞገድ አነሳስ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ሥራው ሳይጀመር አንድ ቆርቆሮ ላይ ተለክቶ «የተገለበጠው ይህን ይመስላል» መባል አለበት። እንደ ከዚራ ሰፈር ዛፍና ምሰሶ በበዛበት መንገድ ደግሞ ከላይ የሚመለስ ሞገድ ጥልቅ ጉድጓድ መስሎ ያታልላል። እሱን የሚያጋልጠው ፍጥነቱ ነው። በአየር ውስጥ ሞገዱ በናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ በደረቅ አሸዋ ግማሹን ያህል ነው። ከቅስቱ ቅርጽ የሚሰላው ፍጥነት 30 ከሆነ ምልክቱ የመጣው ከላይ ካለ ምሰሶ ወይም ዛፍ ነው፣ አትቆፍሩ።

ለማዘጋጃ ቤታችንና ሥራውን ለሚያሠሩ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። በውሉ ላይ የፌዝ ትንተና በስም ይጻፍ፤ ባለቀለም ሥዕል ብቻ ተቀብሎ መክፈል ይቅር። የቆርቆሮው ልኬትና ጥሬ መረጃው አብረው ይቅረቡ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው። የተጠረጠረ ቦታ ላይ መንገዱ ሁሉ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ወጪው ከአንድ ዙር ገረጋንቲ የሚበልጥ አይመስለኝም። ልኬቱም በበጋ ይሁን። እርጥብ አፈር ሞገዱን ይውጠዋል፤ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ደግሞ ፌዙን ገልብጦ ቧንቧ ይመስላል። ዝናብ ከጀመረ በኋላ የሚለካ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ ቀኑና የአፈሩ እርጥበት ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ