ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የኮምቦልቻ ወላጆች። ትናንት የልጄን ምሳ ዕቃ ስከፍት ፍርፍሩ ሳይነካ ተመልሷል፤ ሽታው ኮምጣጣ፣ ክዳኑ ውስጡ ላብ ያዘለ። ጠዋት ስጣደፍ ትኩሱን ከነእንፋሎቱ ከድኜው ነበር። ከተማችን እንደ ደሴ ብርዳም አይደለችም፤ ታፍኖ የዋለ ወጥ ቶሎ ይበላሻል። እባካችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ አትክደኑ!

ጊዜ ካጠረ ዳቦ በለውዝ ቅቤና አንድ ሙዝ ይበቃል። የተቀቀለ ድንችና ካሮትም ልጄ ሳያስተርፍ ይበላል። ምስር ወይም ሽሮ ስትቋጥሩ ግማሽ ብርቱካን ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲው በምስሩ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ለመጠጥ ውኃ ይሻላል፤ የታሸገው ጁስ ስኳሩ ይበዛል።

የእናንተ ልጆች ጨርሰው የሚመጡት ምኑን ነው? እስኪ ጻፉልን።