«ባለቤታቸውም ያግዟቸዋል» ስለተባለው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ካናዳ የስንዴ አምራቾች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ አፈሩ፣ ስለ ማሽኑና ስለ ገበያው የቀረበው ማብራሪያ የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ገበሬው ሚስት የተነገረው ግን «ባለቤታቸውም ያግዟቸዋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ አሳዝኖኛል። እኔ ስንዴ አምራች በሆነችው የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ በሳስካቸዋን፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለብዙ ዓመታት በተንከባካቢነት የሠራሁ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ካጠብኳቸው፣ ካጎረስኳቸውና ሌሊት አብሬያቸው ካመሸሁት እናቶች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በእርሻ ላይ የፈጁ ስለነበሩ፣ ስለ አንዷ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔ «እማማ» እላቸው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 ተወልደው 97 ዓመት ሲሞላቸው ነው ያረፉት። ልጅነታቸው ያለፈው የሳስካቸዋን ዛፍ አልባ ሜዳ ሁሉ በድርቅ በተመታበት በ1930ዎቹ ነበር። አፈሩ በነፋስ ተነሥቶ ቀኑን ሲያጨልመው እናታቸው የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወትፉ እንደነበር፣ ሳህኖቹም አቧራ እንዳይሞላቸው እስከ ምግብ ሰዓት ድረስ ገበታው ላይ ተደፍተው ይቆዩ እንደነበር ደጋግመው አጫውተውኛል። ቤንዚን መግዣ ያጣው ገበሬ የመኪናውን ሞተር አውጥቶ በፈረስ ያስጎትት ነበር፤ ይህንንም በዘመኑ በነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ስም «የቤኔት ጋሪ» አሉት። ከምሥራቁ የባሕር ጠረፍ በእርዳታ የተላከውን ደረቅ ጨዋማ ዓሣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ በመንደሩ አልነበረም። እማማ በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የሄዱት ከዱቄት ከረጢት በተሰፋ ቀሚስ ነው።

ስንዴው በጠፋባቸው በእነዚያ ዓመታት ቤቱን ያቆመው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ የእናቴ ላሞችና ዶሮዎች። ክሬሙ በቆርቆሮ ዕቃ ተሞልቶ በባቡር ወደ ቅቤ ፋብሪካ ይላካል፤ እንቁላሉ ከመንደሩ ሱቅ በስኳርና በጫማ ይለወጣል። ወንዶቹ የሚያመርቱት ስንዴ በደህና ዘመን ዕዳ ይከፍላል፤ በክፉ ዘመን ልጆቹን የሚያበላው ግን ይህ የሴቶቹ ገንዘብ ነበር።

እሳቸው ራሳቸው በ1946 አግብተው ስድስት ልጆች አሳደጉ። ኮምባይነር ገና በየእርሻው ስላልደረሰ፣ በወቂያ ጊዜ ጎረቤት ተጠራርቶ እንደ እኛው ደቦ ከማሽኑ ዙሪያ ይሰለፍ ነበር። ሃያ ያህል ሰው በቀን አምስት ጊዜ ይበላል። ዳቦ የሚጋገረው ሌሊት ነው፤ የአራት ሰዓት ቁርስ እና የማታ መክሰስ በቅርጫት እስከ ማሳው ይወሰዳል፤ በመካከልም ላም ይታለባል፣ ሕፃን ይጠባል፣ ውኃ ከጉድጓድ ይቀዳል። ይህን ሲነግሩኝ የጎጃሟን አያቴን የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። በሳስካቸዋን የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ የወጣው በ1949 ነው፤ ወደ እሳቸው ቤት መስመሩ የደረሰው ሦስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች የጨርቅ ዳይፐር ያጠቡት በልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ላይ በእጃቸው እየፈተጉ ነበር። ከ1945 ጀምሮ መንግሥት ለእናቶች በየወሩ መላክ የጀመረው የልጆች ድጎማ፣ በራሳቸው ስም የተጻፈ የመጀመሪያው ቼክ እንደነበር ሲናገሩ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ነገሩ የቃላት አመራረጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩላችሁ ነበር። «ታግዛለች» የሚለው አስተሳሰብ በሕግ ፊት ያስከፈለው ዋጋ ግን በአደባባይ የታወቀ ነው። የጎረቤቷ ክፍለ ሀገር የአልበርታዋ አይሪን መርዶክ ለ25 ዓመታት ያህል ድርቆሽ ሲሰበስቡ፣ ትራክተርና የጭነት መኪና ሲነዱ፣ ከብት ሲከትቡና ቀንድ ሲቆርጡ፣ ባለቤታቸው በሌላ ሥራ ለወራት ከቤት ሲርቁም እርሻውን ብቻቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ትዳራቸው ፈርሶ ከመሬቱ ድርሻ ሲጠይቁ ግን፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ይህ ማንኛዋም የከብት አርቢ ሚስት የምትሠራው ሥራ ነው አለ። በ1973 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ4 ለ1 ድምፅ አጸናው፤ በልዩነት የቆሙት ዳኛ ቦራ ላስኪን ብቻ ነበሩ። በፍርዱ የተቆጡ ሴቶች በየክፍለ ሀገሩ ባነሡት ግፊት የጋብቻ ንብረት ሕጎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ተለወጡ። እማማ ይህን ፍርድ በሬዲዮ የሰሙ ዕለት የሚያልቡትን ላም ትተው ተነሥተው እንደቆሙ ነግረውኛል።

ቆጠራውም ቢሆን ዘግይቷል። የካናዳ የእርሻ ቆጠራ ለአንድ እርሻ ከአንድ በላይ አራሽ መመዝገብ የጀመረው በ1991 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት አራሾች ሩብ ያህሉ ሴቶች ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሴቶች ያን ዓመት ከየት እንደመጡ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቀድሞም እዚያው ነበሩ። በዚሁ ዓመት በሳስካቸዋን የሳስካቱን ከተማ ነዋሪ የነበሩት ካሮል ሊስ፣ የቤት ሥራዬ ሥራ ተብሎ እስካልተቆጠረ ድረስ የሕዝብ ቆጠራውን ቅጽ አልሞላም ብለው ቆሙ፤ በ1996ቱ ቆጠራ ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤት ሥራ ሰዓት ተጠየቀ። በእኛም ዘንድ ሞፈርና ቀንበር የያዘ ብቻ ገበሬ ስለሚባል፣ ስታርም፣ ስታጭድና ስትወቃ የኖረችው «የገበሬ ሚስት» ተብላ ስለምትቀር፣ በአማርኛ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ለዚህ ቃል ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እማማ ወደ መጦሪያው ሲገቡ በተሞላው ቅጽ ላይ «የቀድሞ ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው «የለም» የሚል ነበር። ካረፉ በኋላ ሴት ልጃቸው የእርሻውን መዝገቦች አሳየችኝ፦ ከሃምሳ ዓመት በላይ በየቀኑ በእሳቸው እጅ የተጻፈ፣ የዝናቡ መጠን፣ የተዘራበት ቀን፣ የእንቁላሉ ቁጥር፣ የክሬሙ ዋጋ፣ የወለደችው ላም፣ የታመመው ልጅ። ባልየው ለባንክም ሆነ ለግብር ሰብሳቢ የሚያቀርቡት ሒሳብ ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነበር። ዘጋቢያችሁ ወደዚያ ሜዳ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመለስ፣ ጥያቄውን ለባልየው ብቻ እንዳያቀርብና ይህን መሰል መዝገብ በየቤቱ እንዲያሳዩት እንዲጠይቅ በአክብሮት እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሳስካቸዋን፣ ካናዳ