ለጃካርታ ገዥ፦ ከግንባችን ጀርባ ያለው እሳት ዛሬም አልጠፋም

ክቡር ሆይ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አያውቁትም። አቤቱታዬ ግን አራት ጊዜ ወደሚመለከታቸው ሰዎች ሄዷል። ሦስቱን በስልክ መተግበሪያ ላኩ። አራተኛውን በወረቀት ጽፌ፣ በእጄ ወስጄ፣ ማህተም አስመትቼበት መጣሁ። አራቱንም የጻፍኩት በባሃሳ፣ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ነው። በባሃሳ ስጽፍ ሁሌም በይቅርታ ነው የምጀምረው፤ እንግዳ ነኝና። በዚህ ሁኔታ የልቤን መናገር ስላቃተኝ ይህኛውን በአማርኛ ጻፍኩት። ባለቤቴ የዚሁ የጃካርታ ልጅ ነው፤ እሱ ይተረጉመዋል። አንዲት ቃል እንዳያለዝብብኝ ነግሬዋለሁ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። የምንኖረው ምሥራቅ ጃካርታ፣ ሁለት ሞተር ሳይክል ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ውስጥ ነው። ከቤታችን ግንብ ጀርባ አንድ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ቆሻሻ ይቃጠላል። በሳምንት አራት አምስት ቀን፣ የመግሪብ አዛን ሊደርስ ሲል ይለኮሳል። እሳት ስል ትልቅ ነበልባል አይምሰልዎት። ነበልባል ቢኖረው ቶሎ ያልቅ ነበር። ይሄ ግን ይጤሳል። እርጥብ ቅጠል፣ ፌስታል፣ የፈጣን ኑድል ማሸጊያ፣ የሕፃን ዳይፐር አንድ ላይ ተከምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይጤሳል። ጭሱ ነጭ ነው፤ ዝቅ ብሎ በግንቡ ላይ ይፈስሳል። ያሰጣሁት ልብስ ይሸታል፣ ትራሱ ይሸታል። ጠዋት ሻይ ስጠጣ እንኳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ምላሴ ላይ አለ።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አስም አለባት።

እንደሚያውቁት እዚህ ዝናቡ የሚጠፋው ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። ያኔ አየሩን የሚያጥብ ነገር የለም፤ የወጣው ጭስ ሁሉ እላያችን ላይ ይተኛል። ባለፈው ደረቅ ወቅት አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ጭሱ ሲገባ ፎጣ አርሼ ከበሩ ሥር ጎዘጎዝኩ። የመስኮቱን ዳር በፕላስተር ለጠፍኩ። የአስም መድኃኒቷን፣ በአፍ የሚሳበውን ፓፍ፣ ሁለቴ ሰጠኋት፤ ምንም ለውጥ የለም። በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። የጎድን አጥንቶቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። መናገር አቃታት። በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተችኝ። ጭሱ ከዚያ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ሞተር ላይ በእኔና በአባቷ መሃል አስቀምጠን ወደ ሆስፒታል በረርን። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የመድኃኒቱን እንፋሎት በማስክ ስትስብ አደረች። ሐኪሟ «ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ስለ ግንቡ ጀርባ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና «ከጭስ ያርቋት» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ወዴት ነው የማርቃት? የቤት ኪራይ የምንከፍለው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቷም እዚያው ነው።

በማግስቱ የመጀመሪያውን አቤቱታ ላኩ። ፎቶ አያያዝኩ፤ ቦታውንም በካርታ ላይ አመለከትኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ «ተጠናቋል» ይላል። የማስረጃ ፎቶም አብሮ ተልኳል። ፎቶው ላይ የተጠረገ መሬት፣ አረንጓዴ የብረት በርና ግድግዳ የተደገፈ መጥረጊያ ይታያል። የእኛ ሰፈር ባዶ ቦታ በር የለውም። አረንጓዴም፣ ሌላ ቀለምም፣ ምንም በር የለውም! የሌላ ቦታ ፎቶ ነው የላኩልኝ። ያን ቀን ማታ ከግንቡ ጀርባ እንደወትሮው ይጤስ ነበር።

ሁለተኛው አቤቱታ «ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ተባለና በዚያው ቀረ። ሦስተኛው «ከዚህ በፊት የቀረበ ጉዳይ ነው» ተብሎ ተዘጋ። አራተኛውን የተቀበለኝ ሰውዬ ወረቀቱን ሳያነብ ማህተሙን መታና «እናየዋለን፣ ኢቡ» አለኝ፤ እመቤት ማለቱ ነው። ይኸው ሦስት ወር አለፈው።

ሕጉን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የጃካርታ የራሷ ደንብ፣ በፈረንጆች የ2013 ቁጥር 3፣ ቆሻሻ አቃጥሎ አካባቢ የሚበክል ሰው እስከ 500,000 ሩፒያ ይቀጣል ይላል። የአገሪቱ የ2008 የቆሻሻ አያያዝ ሕግም ይከለክላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ አለ። በ2019 ሠላሳ ሁለት የከተማዋ ነዋሪዎች ስለሚተነፍሱት አየር መንግሥትን ከሰሱ። የማዕከላዊ ጃካርታ ፍርድ ቤት መስከረም 16 ቀን 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር ፈረደላቸው። ፕሬዚዳንቱም፣ ሚኒስትሮቹም፣ የጃካርታ ገዥም ግዴታቸውን አልተወጡም አለ። ፕሬዚዳንቱና ሚኒስትሮቹ ይግባኝ ጠየቁ፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ይግባኛቸው በ2023 ውድቅ ሆነ። እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ የነበሩት ገዥ ግን ያኔውኑ ፍርዱን ተቀብለው ይግባኝ አልጠይቅም አሉ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴን «አየህ፣ የኛ ከተማ ሰው አላት» አልኩት።

ያ ፍርድ ገዥውን ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በአደባባይ ቆሻሻ የማቃጠል ክልከላው መከበሩን ተቆጣጠር የሚል ነው። ስለዚህ እኔ አራት ጊዜ የጠየቅሁት የቸርነት ሥራ አይደለም። ፍርድ ቤት የወሰነልኝን፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ደግሞ እሺ ብሎ የተቀበለውን ነገር ነው የጠየቅሁት።

አቅም የለንም እንዳይሉኝ። በ2023 ነሐሴ ላይ ጃካርታ በዓለም በአየር ብክለት ከባሱት ከተሞች ተርታ ደጋግማ ስትሰለፍ እዚሁ ነበርኩ። የአሴያን፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ መሪዎች ለጉባኤ የሚመጡበት መስከረም ቀርቦ ነበር። ግማሹ የከተማዋ አስተዳደር ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ታዘዘ። መንገዱ በቦቴ ውኃ ተረጨ። ከረጃጅም ሕንፃዎች አናት ላይ ሳይቀር ውኃ ተረጨ። ያ መርጨት ምን ያህል እንደጠቀመ ባለሙያዎች ይከራከሩ። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ይህች ከተማ ከፈለገች በቀናት ውስጥ መንቀሳቀስ ትችላለች። እንግዳ ሲመጣ ከተቻለ፣ እዚህ ተወልዳ እዚህ ለምታድግ ልጅ የማይቻለው ለምንድን ነው?

እሳቱን ስለሚለኩሰው ሰው ደግሞ ልንገርዎት። አንድ ቀን በንዴት ግንቡን ዞሬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። ዱላ ይዘው ክምሩን ያገላብጣሉ፣ እያሳሉ። እኔን ሲያዩ ደንግጠው ይቅርታ ጠየቁኝ። «የቆሻሻ ጋሪው ከመጣ ስምንት ቀን ሆነው፤ ቆሻሻው ተልቷል፣ አይጡ መጥቷል፣ የት ልውሰደው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የሰፈሩን ጋሪ የሚገፋውን ልጅ ጠየቅሁት። እሱም «መኪናው ካልመጣ የት ልገልብጠው?» አለኝ። ጃካርታ በቀን ከ7,000 ቶን በላይ ቆሻሻ በካሲ በምትባለው ከተማ ውስጥ ወዳለው የባንታርገባንግ ቆሻሻ መጣያ ትልካለች። ቦታው ከ1989 ጀምሮ እየተከመረበት ዛሬ ተራራ ሆኗል። ወረፋው እዚያ ሲረዝም፣ እዚህ የእኛ ጋሪ ይቆማል። ጋሪው ሲቆም ሽማግሌው ክብሪት ያነሳሉ። ክብሪቱ ሲጫር ልጄ ትታፈናለች።

ለዚህ ነው ሽማግሌውን ቀጡልኝ የማልለው። ስማቸውንም አልሰጥም። አምስት መቶ ሺህ ሩፒያ ከእሳቸው ኪስ ማውጣት ግፍ ነው።

የጃካርታ አየር የሚበላሸው በእኛ ግንብ ጀርባ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባንተን ውስጥ ያለው የሱራላያ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ በእርስዎ ሥልጣን ሥር አይደለም። ሚሊዮን ሞተር ሳይክሎችን በአንድ ቀን ማስቆም አይቻልም። ለሳንባ የሚፈቀደው ደቃቅ ብናኝ የአገሪቱ ደንብ ላይ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም መሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 5 ማለቱ፣ ይህም ከእርስዎ በላይ የሚወሰን ነው። በዚህ ሁሉ አልወቅስዎትም። ጋሪው ግን የእርስዎ ነው። መኪናውም የእርስዎ ነው። የሌላ ቦታ ፎቶ ለጥፎ «ተጠናቋል» የሚለው ሰውም የእርስዎ ሠራተኛ ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ጋሪው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይምጣ። አቤቱታ የሚዘጋው አቤት ያለው ሰው አይቶ «አዎ፣ ተስተካክሏል» ሲል ብቻ ይሁን። የእኔን ቦታ ለማየት ደግሞ አንድ ሰው ይላኩ። በቢሮ ሰዓት ከመጣ አመድ ብቻ ነው የሚያገኘው። በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይምጣ። አድራሻው በአራቱም አቤቱታዎች ላይ አለ። እኔ ራሴ በሩን እከፍትለታለሁ። ሻይም አፈላለታለሁ። አብሮን ይቀመጥና አንድ ሰዓት ያህል ይተንፍስ፤ ልጄ አጠገቡ ትሆናለች።

ዛሬም ማክሰኞ ነው። ይህን እየጻፍኩ ጭሱ መግባት ጀመረ፤ ፎጣውን ላርስ ልነሳ ነው።

አንዲት እናት፣ ከምሥራቅ ጃካርታ