የሞተ የመሰለውን አስቀድሙ፦ የጤናና ቀይ መስቀል ክበብ ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው በእጅ መታጠብና በፋሻ ጀመረ። ነስር ማስቆም ተማርን፤ ለወላጆች ቀን አጭር ድራማ ሠራን። እሱን ሁላችሁም ስላያችሁት አልደግመውም። መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሁለተኛው መንፈቅ ነው። ክበቡ ከሚያዝያ ጀምሮ ከመብረቅ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ነጎድጓዱ ጀመረ። ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች ተንጋግተው ባሕር ዛፎቹ ሥር ተጠለሉ። ከዚያ የባሰ መጠለያ አልነበረም። እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። በሚቀጥለው የክበብ ቀን ግን ጥያቄው ጎረፈ። "ቀይ ጃንጥላ መብረቅ ይስባል?" "አያቴ መስታወት ሸፍኑ ትላለች፤ እውነት ነው?" "መብረቅ የመታውን ሰው ብንነካው እኛንም ይይዘናል?"

የጃንጥላውንና የመስታወቱን ጉዳይ የፊዚክሱ መምህራችን ቶሎ ዘጋው። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ ረጅምና ብቻውን የቆመ ነገር ግን ያስቸግራል አለ። በዚያው ላይ ብዙዎቹ የሚጎዱት መብረቁ በቀጥታ አርፎባቸው አይደለም። ዛፉን ወይም መሬቱን መትቶ፣ በመሬት ውስጥ እየተሰራጨ በእግራቸው ይገባል፤ ወይም ከዛፉ ወደ እነሱ ይዘላል።

ሦስተኛው ጥያቄ የእኔ ድርሻ ሆነ። መልሱ አጭር ነው፦ አይይዝም። የተመታው ሰው ገላ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ወዲያው መንካት ይቻላል። የመብራት ሽቦ ከያዘው ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እዚያ መጀመሪያ መብራቱ መቋረጥ አለበት። እዚህ ግን ሰው ፈርቶ ቆሞ ሲያይ የሚያልፉት ደቂቃዎች ናቸው ነፍስ የሚያሳጡት።

መብረቅ ከመታቸው ሰዎች ከ10 ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ ስላቸው ልጆቹ አላመኑኝም። ሁሉም የሚያስበው ሰውዬው ከስሎ እንደሚቀር ነው። መብረቅ በጣም ይሞቃል፤ ሆኖም የሚቆየው ለዓይን ጥቅሻ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። አብዛኛው ኃይልም በገላው ላይ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ቃጠሎው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የባሰው የብረት መስቀል ወይም ሃብል ባረፈበት ቦታ ይገኛል። የሚገድለው የልብ መቆም ነው። ልብ በአንዴ ጸጥ ይላል። የራሱ ማስነሻ ስላለው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይመታል። አንጎል ውስጥ ያለው የአተነፋፈስ ማዕከል እንዲያ ቶሎ አይነቃም። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሽ የለም። ኦክስጅን ሲያልቅ ልቡ ዳግመኛ ይቆማል፤ ያኔ መመለሱ ከባድ ነው። በዚህ መሃል አንድ ሰው ቢተነፍስለት ሊተርፍ ይችላል።

ከጤና ጣቢያ የጋበዝናት ነርስ ይህን ስታስረዳ ክፍሉ ጭጭ አለ። በመኪና አደጋ ብዙ ሰው ሲጎዳ ትንፋሽም የልብ ምትም የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል። በመብረቅ ተገላቢጦሽ ነው። የሚጮኸውና የሚያቃስተው በአብዛኛው ይተርፋል፤ መጀመሪያ ወደ ዝም ያለው ሩጡ አለች። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቢያዩም ተስፋ አይቆረጥም። የእጅ አንጓ ላይም ምት ሊጠፋ ይችላል፤ የደም ሥሮች ስለሚኮማተሩ። አንገት ላይ ነው የሚፈለገው።

ለልምምድ አሻንጉሊት የለንም። ልጆቹ የማዳበሪያ ከረጢት በጭድ ሞልተው፣ ኮፍያ ደፍተውለት ጋሽ ጭዴ አሉት። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ። ሁለት ልጆች እየተቀያየሩ፣ ሦስተኛው በ907 አምቡላንስ እየጠራ። ጋሽ ጭዴ በግንቦት መጨረሻ ጎኑ ተተርትሮ ጭዱ ወለሉን ሞልቶት ነበር። የጽዳት ሠራተኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ልጆቹን ከሁሉ ያስገረማቸው ግን ምልክቱ ነው። አንዳንዱ ሰው ቆዳ ላይ ፈርን የሚባለውን ተክል ቅጠል የመሰለ ቀይ ቅርንጫፍ ይወጣል። ሊክተንበርግ በተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ስም ይጠራል። ቃጠሎ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ እግሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ቀዝቅዞ፣ አልንቀሳቀስ ይለዋል። ቤተሰቡ ሽባ ሆነ ብሎ ያለቅሳል፤ በሰዓታት ውስጥ ይመለስለታል። የጆሮ ታምቡር መቀደድ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ጠርታችሁት ዝም ቢላችሁ ራሱን ስቶ ላይሆን ይችላል፤ ላይሰማ ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ያለው ነው። የመርሳት ችግር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ ቶሎ መቆጣት። የዓይን ሞራ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሰውዬው ቁስል ስለማይታይበት "ደህና ነህ እኮ" ይባላል። ተማሪ ቢሆን ሰነፈ ተብሎ የሚቀጣው እኔን የመሰለ መምህር ነው።

በግድግዳ ጋዜጣችን ሁለት ታሪኮች ለጥፈናል። አንደኛው የአሜሪካዊው ሮይ ሱሊቫን ነው። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1977 ሰባት ጊዜ ተመትቶ ተርፏል። ልጆቹ ይህን እየተሳሳቁ አነበቡት። ሁለተኛውን ግን አልሳቁበትም። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኡጋንዳ ሩንያንያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መብረቅ ወድቆ 18 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሞቱ። በኋላ ለዚያ ትምህርት ቤት የመብረቅ መከላከያ ተተክሎለታል።

እኛም ለአስተዳደሩ ደብዳቤ አስገብተናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻውን መከላከያ አይደለም፤ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ደንቡ ይህ ነው፦ ነጎድጓድ ሲሰማ ደወል ይደወላል፣ ሜዳው ይለቀቃል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በዚህ ደንብ የሒሳብ ፈተና ለማዘግየት የሞከሩ የ10ኛ ክፍል ጠበቆች ነበሩ፤ አልተሳካላቸውም።

አዲስ አባላት መስከረም ላይ በባዮሎጂ ላብራቶሪ ይመዘገባሉ። ስትመጡ ጭድ ይዛችሁ ኑ።